ሳን ጂሚኛኖን በጀጎል ዓይን ማየት፦ ወደ ጣሊያን ለሚጓዙ የሐረርና የድሬዳዋ ሰዎች

ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጣሊያን የሚሄድ የአገራችን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሮምንና ሚላኖን አይቶ ይመለሳል። አንድ ትርፍ ቀን ያለው የሐረር ወይም የድሬዳዋ ሰው ግን ያንን ቀን በቶስካና ክልል፣ በሲየና አውራጃ ለምትገኘው ሳን ጂሚኛኖ ለተባለች ትንሽ የኮረብታ ከተማ ቢሰጠው መልካም ነው እላለሁ። በግንብ የታጠረች፣ በንግድ መንገድ የከበረች፣ መንገዱ ፊቱን ሲያዞርባት ደግሞ እንደነበረች የቀረች ከተማ ናት፤ እንዲህ ያለችውን ከተማ ለመረዳት ጀጎልን ከሚያውቅ ሰው የተሻለ ዝግጁ የሆነ ጎብኚ የለም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ያንን የቤት እውቀት እዚያ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ያስረዳል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዝግጅቱ የሚጀመረው ሐረር ላይ ነው

ከጉዞው በፊት አንድ ማለዳ ለጀጎል ይስጡ። የድሬዳዋ ነዋሪ ከሆኑ በጧት ተነሥተው የደንገጎን ዳገት ይውጡ፤ ዳገቱ ራሱ የትምህርቱ አካል ስለሆነ በመኪናው መስኮት እየተመለከቱ ቢወጡ ይጠቅማል። ሐረር ሲደርሱ በኤረር በር ይግቡ። ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ ገበሬዎች እንጨትና አትክልት ይዘው የሚገቡበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ የከተማ በር ምን ሥራ እንደሚሠራ በግልጽ የሚታየው ያኔ ነውና። ከዚያ መንገዱን ተከትለው ወደ ግድር መጋላ ይውጡ፤ በልብስ ሰፊዎቹ መካከል፣ መኪና ግርግር በተባለው መንገድ አልፈው ፈረስ መጋላ ይድረሱ። ይህን መንገድ ሁላችንም ብዙ ጊዜ ሄደንበታል፤ በዚህ ማለዳ ግን አራት ጥያቄዎችን ይዘው ይሂዱ። ከተማዋ ለምን በዚህ ከፍታ ላይ ተቀመጠች? ትልቁ መንገድ በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ውሃ ከየት ይመጣል? ባለጸጋው ሀብቱን የሚያሳየው የት ነው?

ለሐረር መልሶቹ በእጃችን ናቸው። ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ያለው ይህ ከፍታ ከምሥራቁ ቆላና ከምዕራቡ ደጋ መካከል የሚገኝ፣ አየሩ የተስማማ፣ ቡናና እህል የሚበቅልበት ስለሆነ ከዘይላና ከበርበራ ለሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ማረፊያም መገበያያም ሆነ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ያሠሩት ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እያንዳንዳቸው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ አንድ ሕዝብና ወደ አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚከፈቱ ነበሩ። የውሃው ነገር እስከ ዛሬ የሐረር ትልቅ ጭንቀት ነው፤ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ ተገፍቶ መምጣት ግድ ሆኗል። ሀብትን በተመለከተ ደግሞ የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲታይ ጭር ያለ የድንጋይ አጥር ነው፤ ክብሩ ያለው ከበሩ ወዲያ፣ በየደረጃው በተሠራው ነደባ በተባለው የመቀመጫ መደብ ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት መደርደሪያዎችና በተሰቀለው ሳሕንና ስፌት ላይ ነው። ይህን አራተኛውን መልስ በደንብ ይያዙት፤ ሳን ጂሚኛኖ ሲደርሱ ተቃራኒውን ያገኛሉ።

መንገዱ ሲመጣና ሲሄድ

የመመሪያዬ ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ የኮረብታ ከተማን የሚሠራት መንገድ ነው፣ አሮጌ መልኳን ጠብቆ የሚያቆይላትም ብዙ ጊዜ ያው መንገድ ጥሏት መሄዱ ነው። የሐረርና የድሬዳዋ ሰው ይህን ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ዳገቱ ስለከበደ በ1902 ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በዚያም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል የነበረችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሲራራው ወደ ታች ወረደ፤ መጋዘኑ፣ ጉምሩኩና ነጋዴው ተከትሎ ወረደ። ሐረርን ያኔ ንግዱ መራቁ ጎድቷታል፤ ነገር ግን ባቡሩ ጀጎል ደጃፍ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ጠባቦቹ መንገዶች ለመጋዘንና ለጋሪ ማለፊያ ሲባል ፈርሰው ዛሬ የምናውቃት ከተማ አትገኝም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሳን ጂሚኛኖ የሆነውም ተመሳሳይ ነው። ከእንግሊዝ ካንተርበሪ ተነሥቶ በፈረንሳይና በአልፕስ ተራሮች በኩል ወደ ሮም የሚወስደው፣ ቪያ ፍራንቺጄና የተባለው የነጋዴዎችና የምእመናን መንገድ በዚህች ኮረብታ ጀርባ ላይ ያልፍ ነበር። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲገሪክ በ990 ከሮም ሲመለሱ ያረፉባቸውን ቦታዎች ሲያስመዘግቡ ሳን ጂሚኛኖ ከእነዚያ አንዷ ሆና ተመዝግባለች። ከተማዋ በ1199 ከቮልቴራ ጳጳሳት ሥልጣን ወጥታ ራሷን ማስተዳደር ጀመረች፤ በሚቀጥለው አንድ ምዕት ዓመት ውስጥም ግንቧን አስፍታ፣ ቤተ መንግሥቷንና አብያተ ክርስቲያኖቿን አንጻ፣ 72 ማማዎች እንደነበሯት እስከሚነገር ድረስ አደገች። ከዚያ በ1348 ታላቁ ወረርሽኝ መጥቶ ነዋሪዎቿን አመናመነ፤ በ1353 ለፍሎረንስ ገባች፤ መንገደኛውም ኮረብታውን ትቶ በኤልሳ ወንዝ ሸለቆ መሄድን መረጠ። ሌሎቹ የቶስካና ከተሞች ማማዎቻቸውን አፍርሰው በአዲሱ ዘመን ወግ ሲገነቡ ሳን ጂሚኛኖ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ አልነበራትም። ዛሬ የቆሙት 14 ማማዎች የተረፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዩኔስኮም ከተማዋን በ1990 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ጀጎል የተመዘገበው በ2006 ነው።

አካሄዱ

ከሮም ወደ ፍሎረንስ በባቡር ይሂዱ፤ የጣቢያው ሰሌዳ ላይ የሚያነቡት ፊሬንዜ የሚለውን ነው። ከፍሎረንስ ወደ ሲየና በሚሄደው የክልል ባቡር ተሳፍረው ፖጂቦንሲ ላይ ይውረዱ፤ ከዚያ ወደ ኮረብታው የሚያወጣ አውቶቡስ አለ። የወረቀት ትኬት ከያዙ ባቡሩ ላይ ከመውጣትዎ በፊት በጣቢያው ባለው ማሽን ማስመታትዎን አይርሱ፤ ያልተመታ ትኬት ይዞ መገኘት ያስቀጣል። የጉዞ ሰሌዳው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፍ 15፡00 የሚለው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እሑድና በበዓላት ቀን አውቶቡሱ ስለሚሳሳ የመመለሻውን ሰዓት ከመውጣትዎ በፊት ይመልከቱ። በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ ከግንቡ ውጭ ማቆም ይኖርበታል፤ ወደ ውስጥ መንዳት ለነዋሪዎች ብቻ የተፈቀደ ነው።

በእኛ ከጧቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ይበጃል። እኩለ ቀን ላይ የጎብኚ አውቶቡሶች ሲራገፉ ዋናው መንገድ ይጨናነቃል፤ ከተማዋንም ለማየት ሳይሆን ሰው ለመግፋት የሄዱ ይመስልዎታል። አውቶቡሱ ወደ ላይ ሲወጣ በመስኮቱ በኩል የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በ324 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የኤልሳን ሸለቆ ቁልቁል በሚያይ ረጅም ጉብታ ላይ ተቀምጣለች። ለሐረር ሰው ይህ ከፍታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ቁም ነገሩ ግን በዙሪያዋ ካለው ምድር ከፍ ማለቷ፣ የሚመጣውን ወዳጅም ጠላትም ከሩቅ ማየት መቻሏ ነው። በሸለቆው ወይን፣ ወይራና ስንዴ ይበቅላል።

በበሩ መግባት

አውቶቡሱ የሚያወርድዎ በደቡቡ በር፣ በፖርታ ሳን ጆቫኒ አጠገብ ነው። ወዲያው አይግቡ። ከበሩ ፊት ቆመው ግንቡን በግራና በቀኝ ይመልከቱ፤ ዙሪያው ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ ከጀጎል ያንሳል። ከገቡ በኋላ ሽቅብ የሚወስድዎት መንገድ የጥንቱ ቪያ ፍራንቺጄና ነው፤ በአደባባዮቹ በኩል አልፎ በሰሜኑ በር፣ በፖርታ ሳን ማቴኦ ይወጣል። ከኤረር በር እስከ ፈረስ መጋላ የሄዱበትን ያስታውሱና ይህን መንገድ ሳይቆሙ ከበር እስከ በር አንድ ጊዜ ይሂዱት። የከተማዋ አጥንት እርሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ የተሰካ ነው። ሱቆቹን ለመመለሻ ያቆዩአቸው።

ሲመለሱ መንገዱ ላይ ሌላ የቆየ ግንብ ቅስት ተሻግረው እንደሚያልፉ ያስተውሉ። ይህ የቀድሞው፣ ጠባቡ ግንብ በር ነው፤ ከተማዋ ስትሰፋ ከውስጥ ቀረ። የአንድን ከተማ እድገት ያለ መጽሐፍ የሚያነቡት እንዲህ ባሉ ቅስቶች ነው።

ማማዎቹ

ብዙ አስጎብኚዎች ይህችን ከተማ ከኒውዮርክ ፎቆች ጋር ያመሳስሏታል። ይህ ንጽጽር ዓይንን ያሳስታል ባይ ነኝ፤ ማማዎቹ ቦታ የጠበበው ሰው ሽቅብ የገነባቸው መኖሪያዎች አይደሉምና። እያንዳንዱ ማማ የአንድ ቤተሰብ ኃይል ምልክትና በክፉ ቀን መሸሸጊያው ነበር። ከተማዋ የሮሙን ፖፕ ወገን በሚደግፉት አርዲንጌሊና የቅድስት ሮማን ንጉሠ ነገሥት ወገን በሚደግፉት ሳልቩቺ ቤተሰቦች ጠብ ተከፍላ ኖራለች፤ አንዱ ሲያስረዝም ሌላው ያስረዝም ነበር። ፉክክሩ ስለበረታ በ1255 ማንም ግለሰብ ቁመቱ 51 ሜትር ከሆነው ከሮኞዛ ማማ የሚበልጥ እንዳያቆም በሕግ ተከለከለ። ሳልቩቺዎች ጎን ለጎን ያቆሟቸው መንትያ ማማዎች እስከ ዛሬ አሉ።

እዚህ ላይ አራተኛው ጥያቄ መልስ ያገኛል። የሐረር ባለጸጋ ሀብቱን ወደ ውስጥ፣ እንግዳውን ወደሚያስቀምጥበት ነደባ ሲያዞረው የሳን ጂሚኛኖ ባለጸጋ ሽቅብና ወደ ውጭ፣ ከሸለቆው ማዶ ላለው ጠላቱ ጭምር እንዲታይ አድርጎ አቆመው። ሁለቱም ነጋዴዎች ናቸው፤ የሁለቱ ከተሞች መልክ እንዲህ የተለያየው ግን ስለ ክብር ባላቸው የተለያየ አስተሳሰብ ነው፤ እኔ እንዲያውም የሐረሪው ቤት ለጎረቤት የሚተወውን ሰላም አደንቃለሁ። ማማዎቹን ሲመለከቱ በግድግዳቸው ላይ በመሥመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎችን ይፈልጉ። ወፍ የሠራቸው ይመስላሉ፤ ግንበኞቹ መወጣጫ እንጨት የሰኩባቸው፣ በኋላም ቤተሰቦቹ የእንጨት ሰገነት ያሳረፉባቸው ናቸው። የዛሬው ባዶ ድንጋይ በዘመኑ በእንጨት ሥራ የተሸፈነ፣ ሰው የሚመላለስበት እንደነበር የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።

መውጣት ያለብዎት ወደ ቶሬ ግሮሳ ነው። ይህ ማማ የሕዝቡ አስተዳደር ንብረት ስለሆነ ሕጉ አልገደበውም፤ ግንባታው በ1300 ተጀምሮ በ1311 አልቋል፤ ቁመቱ 54 ሜትር ነው። ጉልበት የሚያምዎት ከሆነ ደረጃው ብዙ መሆኑን ያስቡበት። ከላይ ሆነው ሁለቱን በሮች፣ በመካከላቸው የሚያልፈውን መንገድ፣ ከታች ደግሞ መንገደኛው የሸሸበትን ሸለቆ በአንድ እይታ ያገኛሉ፤ የከተማዋ ታሪክ በሙሉ ከፊትዎ ተዘርግቷል። ከማማው ሥር ባለው የአስተዳደር ሕንፃ ውስጥ ያለውን የምክር ቤት አዳራሽ ሳያዩ አይውጡ። ባለቅኔው ዳንቴ አሊጊዬሪ ግንቦት 8 ቀን 1300 የፍሎረንስ መልእክተኛ ሆኖ ለከተማዋ ምክር ቤት የተናገረው በዚህ ነው፤ በግድግዳው ላይ ያለው፣ ማርያምን በዙፋን ላይ የሚያሳየው የሊፖ ሜሚ ሥዕል በ1317 የተሣለ ነው። በዚሁ ሕንፃ ሙዚየም ውስጥ ጳጳሱ ቅዱስ ጂሚኛኖ ከተማዋን ከነማማዎቿ በጭኑ ላይ ይዞ የሚታይበት የታዴኦ ዲ ባርቶሎ ሥዕል አለ። እርሱን ካዩ በኋላ ወደ መስኮቱ ሄደው የቀሩትን ማማዎች ይቁጠሩ።

ውሃው

ከማማዎቹ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው፤ አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ አንሥቶ የሚያልፈው መሆኑም ያሳዝነኛል። ፒያሳ ዴላ ቺስቴርና በተባለው፣ ሦስት ማዕዘን በሚመስለው አደባባይ መካከል በ1273 የተሠራና በ1346 የሰፋ የውሃ ጉድጓድ አለ። ወደ አፉ ይቅረቡና ድንጋዩን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ገመድ ለብዙ ዘመን እየተሳበ የቦረቦረው ጎድጓዳ መሥመር ይገኛል። በጉብታ ጀርባ ላይ ያለች ከተማ ጠላት ቢከባት መጀመሪያ የሚገድላት ጥም ስለሆነ የዝናብ ውሃ በግንቡ ውስጥ ማጠራቀም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። አደባባዩም ከተማዋ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተከበረ የሆነው በዚህ ጉድጓድ ነው፤ የኃያላኑ ቤቶች እርሱን ከብበው ተሠሩ።

ቀጥሎ ሌሎች የማይሄዱበትን ይሂዱ። ፖርታ ዴሌ ፎንቲ ወደተባለው የምሥራቁ በር ወጥተው ቁልቁለቱን ይውረዱ፤ በድንጋይ ቅስቶች የተጋረደ የጥንት ምንጭና የልብስ ማጠቢያ ያገኛሉ። ሴቶቹ ልብስ ተሸክመው ይወርዱ፣ እርጥቡን ተሸክመው ይህንኑ ዳገት ይወጡ ነበር። ጄሪካን ይዞ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ቦታ ለማድነቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እዚያ ጥቂት ተቀምጠው ዳገቱን ተመልሰው በእግርዎ ይውጡ።

ሥዕሎቹ

ዋናው ቤተ ክርስቲያን ኮሌጃታ ይባላል፤ በ1148 የተባረከ ነው፤ ከተማዋ የራሷ ጳጳስ ስለሌላት ካቴድራል አይባልም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። ከውጭ ቀላል ሆኖ ከውስጥ ግድግዳው በሙሉ በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ በግራው ግድግዳ ባርቶሎ ዲ ፍሬዲ በ1367 የሣላቸው የብሉይ ኪዳን ታሪኮች አሉ። ኖኅ፣ ዮሴፍ፣ ሙሴና ኢዮብ በሐረር ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የቤት ታሪኮች ስለሆኑ መግለጫውን ሳያነቡ በቅደም ተከተል ሊከተሏቸው ይችላሉ። ሥዕሎቹ ማንበብ ለማይችል ሕዝብ የተሠሩ መሆናቸው ለእኛም ይበጀናል።

በቀኝ በኩል ያለው የቅድስት ፊና ጸሎት ቤት አይለፍዎ። ፊና ሽባ ሆና በእንጨት ጣውላ ላይ ተኝታ የኖረችና በ1253 በ15 ዓመቷ ያረፈች የከተማዋ ልጅ ናት፤ በሞተች ጊዜ ደወሎቹ ሳይነኩ እንደተደወሉና በማማዎቹ ላይ አበባ እንደፈነዳ ይተረካል። ሠዓሊው ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ ቀብሯን ሲሥል በዳራው የከተማዋን ማማዎች አስገብቷል። በሰሜኑ ጫፍ፣ በቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቤኖዞ ጎዞሊ በ1464 እና በ1465 የሣላቸው የአውግስጢኖስ ሕይወት ሥዕሎች አሉ፤ ሰሜን አፍሪካ የተወለደው ሊቅ ከትምህርት ቤት እስከ ሞቱ በ17 ሥዕሎች ይታያል። ጊዜ ካጠረዎት ግን ኮሌጃታን ያስቀድሙ።

ምን ይግዙ፣ የት ይረፉ

ምሳ በአደባባዮቹ ላይ ውድ ነው፤ ዳቦና አይብ ገዝተው በከተማዋ ምዕራብ ጫፍ ወደሚገኘው ወደ ሮካ ይውጡ። ፍሎረንስ ከተማዋን ከያዘች በኋላ ያሠራችው የዚህ ምሽግ ፍራሽ ዛሬ የወይራ ዛፍ ያለበት መናፈሻ ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም፤ የማማዎቹም መልክ ከዚያ ያምራል። ወደ ቤት የሚወስዱት ነገር ከፈለጉ ሳፍሮን ይግዙ። ከሐምራዊ አበባ መካከል ጥቂት ክር ብቻ እየተለቀመ የሚደርቅ ቅመም ስለሆነ ውድ ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማዋ አስተዳደር ለጦርነት ከተበደረው ገንዘብ ከፊሉን በሳፍሮን ከፍሏል። ዱቄቱን ትተው ክሩን ይምረጡ፤ ዱቄት ከሌላ ጋር ለመቀላቀል ይመቻል። ቬርናቻ የተባለው ነጭ ወይኗም የታወቀ ነው።

ሁለተኛ ቀን ካለዎት ወደ ሲየና በሚወስደው አቅጣጫ ወደምትገኘው ሞንቴሪጆኒ ይሂዱ። ሲየናዎች በ1213 እና በ1219 መካከል ፍሎረንስን ለመከላከል ያቆሟት ምሽግ ናት፤ ክብ ግንቧ 570 ሜትር ገደማ ዙሪያ፣ 14 የግንብ ማማዎችና ሁለት በሮች አሉት። በሳን ጂሚኛኖ መንገድ ከተማ ሲሠራ እንዳዩ ሁሉ እዚህ ጦርነት ብቻውን ከተማ ሲሠራ ያያሉ፤ የግንቡ አናት ከፊሉ ለእግረኛ ክፍት ስለሆነ በላዩ እየሄዱ ሊመለከቱት ይችላሉ። ለእርሷ ግማሽ ቀን ይበቃል።